የስታቲስቲክስ ፋይናል ሊደርስ ነው፤ ቀመሩን እናውቃለን፣ የት እንደሚገባ ግን ይጠፋብናል

የጣና ዳር ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ አራት ሆነን አብረን የምናጠና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነን። የኢንትሮዳክሽን ቱ ስታቲስቲክስ ፋይናል ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከ50 የሚያዝ የሁለት ሰዓት ፈተና ነው። ደብተር አይገባም፤ የዜድና የቲ ሰንጠረዥ (ዕድልና መቁረጫ የሚነበብባቸው) ግን ከጥያቄው ወረቀት ጋር ይታደላል ተብለናል። ከፍሪኩዌንሲ ዲስትሪቢውሽን ጀምሮ እስከ ሃይፖቴሲስ ቴስቲንግና ሪግሬሽን ድረስ ያለው ሁሉ ይገባል።

ቀመር መሸምደዱ አላቃተንም። ሃንድአውቱን ይዘን ምዕራፍ በምዕራፍ ስንሠራ መልሱ ይወጣል። የቆየ ፈተና አምጥተን ስንቀመጥ ግን «ይሄ ባይኖሚያል ነው»፣ «የለም፣ ኖርማል ነው» እያልን ሰዓቱ በክርክር ያልቃል። በተለይ ሦስት ነገር አስቸግሮናል፦ ግሩፕድ ዳታ (በክፍል የተመደበ ቁጥር) ላይ ከአንድ ጥያቄ የተለያየ ሚዲያን (መሃለኛ ዋጋ) እናወጣለን፤ የዜድ ሰንጠረዥ ከአንዱ ኮፒ ወደ ሌላው ቁጥሩ ይለያያል፤ ሃይፖቴሲስ ቴስቲንግ ላይ ዋን ቴይል (የአንድ ጫፍ) ይሁን ቱ ቴይል (የሁለት ጫፍ) የምንወስነው በግምት ነው። የምታውቁ ብትረዱን።

ቆሮሶ

ሰላም ለአራታችሁም። ከግሩፕድ ዳታው ልጀምር፤ እዚያ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች የታወቁ ናቸው፣ ቁጥር ይዘን ካየናቸው በአንድ ምሽት ይጠፋሉ።

ዓሣ ማውረጃው ላይ የ50 ቆሮሶ ዓሣ ክብደት በግራም ተመዘነ እንበል (ቁጥሩን ለልምምድ የፈጠርኩት ነው)። ትንሹ 142፣ ትልቁ 276። የክፍሉ ብዛት በስተርጅስ ደንብ 1 + 3.322 × ሎግ 50 ነው፤ የ50 ሎግ 1.699 ስለሆነ 6.64 ይመጣል፣ 7 ክፍል እንይዛለን። ሬንጁ 276 − 142 = 134፤ ስፋቱ 134 ÷ 7 = 19.14። እዚህ ላይ እንደለመድነው አጠጋግታችሁ 19 ብትሉና ከ142 ብትጀምሩ ሰባተኛው ክፍል 274 ላይ ያልቃል፤ ትልቁ ዓሣ መግቢያ ያጣል። ስፋት ምንጊዜም ወደ ላይ ነው የሚጠጋው። 20 እንውሰድ፣ ከ140 እንጀምር፦

140–159፦ 4
160–179፦ 7
180–199፦ 11
200–219፦ 13
220–239፦ 8
240–259፦ 5
260–279፦ 2

ሚዲያን ለማግኘት 50 ÷ 2 = 25። ፍሪኩዌንሲውን እየደመራችሁ ስትወርዱ 4፣ 11፣ 22፣ 35 ይሆናል፤ ስለዚህ 25ኛው ያለው 200–219 ውስጥ ነው። የክፍሉ የታችኛው ባውንደሪ (በ199 እና በ200 መካከል ያለው) 199.5፣ ከእሱ በፊት ያለው ድምር 22፣ የራሱ ፍሪኩዌንሲ 13፣ ስፋቱ 20፦

199.5 + (25 − 22) ÷ 13 × 20 = 204.1 ግራም

አሁን የእናንተን መልሶች እንፈልጋቸው። 204.6 ያመጣው ሰው ባውንደሪውን ትቶ 200ን ተጠቅሟል። 203.9 ያመጣው ስፋቱን 219 − 200 = 19 ብሎታል፤ ስፋት የሚለካው ከባውንደሪ እስከ ባውንደሪ ወይም ከአንዱ ክፍል መነሻ እስከ ቀጣዩ መነሻ ነው። 184.1 ያመጣው ደግሞ ከክፍሉ በፊት ያለውን 22 ትቶ የክፍሉን ድምር 35ን ቀንሷል። ይህኛው ራሱን ያጋልጣል፦ ሚዲያን የሚዲያን ክፍሉ ውስጥ ካልወደቀ፣ እዚህ ላይ ከ199.5 በታች ወይም ከ219.5 በላይ ከሆነ፣ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ከመሄዳችሁ በፊት ተመለሱ።

ሞዱ (በብዛት የሚደጋገመው ዋጋ) የሚገኘው ትልቁን ፍሪኩዌንሲ ከያዘው ክፍል ነው፤ እዚህ ያው ክፍል ነው። ከበፊቱ ክፍል ያለው ልዩነት 13 − 11 = 2፣ ከኋላው ያለው 13 − 8 = 5፤ ስለዚህ 199.5 + 2 ÷ 7 × 20 = 205.2።

አማካዩን ስታወጡ ትልልቅ ቁጥር ከማባዛት ኮድ አድርጉት። የመሃለኛውን ክፍል ክላስ ማርክ (የክፍሉን መሃል ነጥብ) 209.5ን ዜሮ በሉት፣ ወደ ታች −1፣ −2፣ −3፣ ወደ ላይ 1፣ 2፣ 3። በፍሪኩዌንሲው ስታባዙት −12፣ −14፣ −11፣ 0፣ 8፣ 10፣ 6 ይመጣል፤ ድምሩ −13። አማካዩ 209.5 + 20 × (−13 ÷ 50) = 204.3። ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ ለሚለካው) ኮዱን ካሬ አድርጋችሁ በፍሪኩዌንሲው አባዙ፦ 36፣ 28፣ 11፣ 0፣ 8፣ 20፣ 18፤ ድምሩ 121። ከዚያ (121 − 169 ÷ 50) ÷ 49 = 2.40፤ ሥሩ 1.549፤ በ20 ሲባዛ 31.0 ግራም። 209.5 መጨመር አማካዩን ያንቀሳቅሳል፣ ስርጭቱን ግን አይነካም፤ ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ በ20 ብቻ የምናባዛው። ቫሪያንስ (የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ካሬ) ከተጠየቃችሁ ማባዣው 400 ነው። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አማካዩ 204.3፣ ሚዲያኑ 204.1፣ ሞዱ 205.2 ሲሆን «አማካይ ከሚዲያን፣ ሚዲያን ከሞድ ይበልጣል ወይም ያንሳል» እያሉ ስኪውነስ (ስርጭቱ ወደየትኛው ጎን እንዳዘመመ) የሚወስኑበት ቅደም ተከተል እዚህ አይገጥምም። ደንቡ የጠቅላላ ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም። ሦስቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ «ወደ ሲሜትሪክ የቀረበ» ብላችሁ እለፉ።

ባጃጅ ተራ

ቆሮሶ የጻፈውን በካልኩሌተር ለማረጋገጥ፦ አብዛኛው ተማሪ የያዘው ካሲዮ ኤፍኤክስ-82 ኤምኤስ ላይ «ሞድ» ከዚያ 2 ስትጫኑ ኤስዲ ይመጣል። መጀመሪያ የቆየውን ዳታ አጥፉ፦ ሺፍት፣ ሞድ፣ 1፣ እኩል ይሆናል። ከዚያ 149.5፣ ሺፍት፣ ኮማ፣ 4፣ ኤም ፕላስ፤ ሰባቱንም ክፍሎች እንዲሁ አስገቡ። ሺፍት 1 ከዚያ 3 ኤንን (የዳታውን ብዛት) ያሳያል፤ 50 ካላለ የሆነ ቦታ ዘላችኋል። ሺፍት 2 ከዚያ 1 አማካዩን 204.3 ይሰጣል። ሺፍት 2 ከዚያ 3 ደግሞ 30.99።

ጥንቃቄ፦ ሺፍት 2 ከዚያ 2 ብትሉ 30.68 ይመጣል። እሱ በ49 ሳይሆን በ50 የሚያካፍለው ነው። ጥያቄው ናሙና ካለ 3ን፣ ሙሉ ፖፑሌሽን ካለ 2ን ነው የምትጫኑት። ኤፍኤክስ-991 ኤምኤስ የያዘ ሰው ኤስዲን የሚያገኘው ሞድ ሁለቴ ተጭኖ 1 ሲል ነው።

ይሁን እንጂ ሥራችሁን በእጅ አሳዩ። ካልኩሌተሩ ማረጋገጫ ነው፤ መልሱን ብቻ የጻፈ ሰው ቢሳሳት የሚያዝለት የሂደት ነጥብ የለም።

የዘንዘልማው

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። የዜድ ሰንጠረዡ አልተሳሳተም፤ ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንዱ ከመሃል (ከዜሮ) እስከ ዜድ ያለውን ስፋት ይሰጣል፣ ሌላው ከግራ ጫፍ ጀምሮ እስከ ዜድ ያለውን በሙሉ። ለይቶ ለማወቅ የመጀመሪያውን ሳጥን፣ የ0.00ን፣ ማየት ብቻ ነው፦ 0.0000 ካለ የመሃሉ ነው፣ 0.5000 ካለ የግራው ነው። በ1.96 ላይ የመጀመሪያው 0.4750፣ ሁለተኛው 0.9750 ይላል። ፈተናው እንደተሰጣችሁ ይህን አይታችሁ በጥያቄው ወረቀት ጥግ ላይ «መሃል» ወይም «ግራ» ብላችሁ ጻፉ። ስታጠኑም የምትፈተኑበትን ዓይነት ለይታችሁ አንዱን ብቻ ያዙ። ደግሞ በስልክ ላይ ያለ ፒዲኤፍ አይበቃም፤ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንድ ቅጂ ይኑራችሁ፣ መብራት ሲጠፋም ትሠሩበታላችሁ።

ሁልጊዜ ደወሉን (የኖርማልን ከርቭ) ሳሉ፣ የሚፈለገውን ክፍል አጥቁሩ። ያለ ሥዕል «0.5 ልደምር ወይስ ልቀንስ» ማለት ዕጣ መጣል ነው። በቆሮሶ ቁጥር እንቀጥል፤ አማካዩን 204፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 31 እንበለው፣ ስርጭቱ ኖርማል ይሁን።

አንድ ዓሣ ከ250 ግራም በላይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ዜድ = (250 − 204) ÷ 31 = 1.48። በመሃሉ ሰንጠረዥ 0.4306፤ የቀኙ ጫፍ 0.5 − 0.4306 = 0.0694።

በ180 እና በ250 መካከል? ለ180 ዜዱ −0.77 ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ኔጌቲቭ ከሌለ 0.77ን ፈልጉ፣ 0.2794። የጠቆረው ክፍል ከመሃሉ ግራም ቀኝም ስላለ ይደመራል፦ 0.2794 + 0.4306 = 0.7100። ሁለቱም ቁጥሮች ከአማካዩ በአንድ በኩል ቢሆኑ ኖሮ ይቀናነሱ ነበር።

አሁን ነጥብ በገፍ የሚጠፋበት ጋ ደረስን፦ «36 ዓሣ ተወሰደ፤ የእነሱ አማካይ ከ210 በላይ የመሆን ዕድሉ?» ጥያቄው ስለ አንድ ዓሣ አይደለም፣ ስለ 36ቱ አማካይ ነው። አካፋዩ 31 ሳይሆን 31 ÷ √36 = 5.17 ነው። ዜድ = 6 ÷ 5.17 = 1.16፤ ዕድሉ 0.5 − 0.3770 = 0.1230። በ31 ያካፈለ ሰው ዜዱ 0.19፣ መልሱ 0.4247 ይሆንበታል፤ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው የሳተው። የሚያሳስተው ሁለቱም መልስ «ዕድል የሚመስል» መሆኑ ነው፣ በዓይን አይጋለጥም። ስለዚህ ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት ከጥያቄው ውስጥ «አማካይ» የሚለውን ቃል አስምሩበት።

የቲ ሰንጠረዥም የራሱ ወጥመድ አለው። የዓምዱ ራስጌ የአንድ ጫፍ ነው ወይስ የሁለት? የመጨረሻውን ረድፍ፣ ኢንፊኒቲ የሚለውን፣ ተመልከቱ፦ 1.960 ከ0.025 በታች ካለ ራስጌው የአንድ ጫፍ ነው፤ ከ0.05 በታች ካለ የሁለቱ ጫፍ ድምር ነው። ለ16 ናሙና ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (የናሙናው ብዛት ሲቀነስ 1) 15 ነው፤ በ5 በመቶ ለሁለት ጫፍ 2.131፣ ለአንድ ጫፍ 1.753።

የጣና ዳር ተማሪ

እናመሰግናለን፣ ሚዲያኑ አሁን አስማማን፤ አንዳችን በ19 ነበር የሚያባዛው። ባይኖሚያል፣ ፖይሰን፣ ኖርማል የሚለውንስ በምን እንለይ? ደግሞ ዜድና ቲ መቼ መቼ እንደሆነ ሃንድአውቱም የድሮ ፈተናውም የተለያየ ነገር ይላሉ።

ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም

መቁጠር ነው ወይስ መለካት? ይህ ነው የመጀመሪያው መለያ። ክብደት፣ ርዝመት፣ ሰዓት ይለካል፤ ወደ ኖርማል ያመራል። የሚቆጠር ከሆነ «ከስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ10፣ ከ20 የሚል ጣሪያ ካለውና እያንዳንዱ ሙከራ ሁለት ውጤት ብቻ ካለው ባይኖሚያል ነው። ጣሪያ ከሌለውና «በሰዓት፣ በቀን፣ በገጽ በአማካይ ይህን ያህል» ካለ ፖይሰን ነው።

ለባይኖሚያል፦ ከሚቀርበው ዓሣ 20 በመቶው ከ170 ግራም በታች ነው እንበል፤ 10 ተወሰደ። ምንም የማግኘት ዕድል 0.8 በ10 ፓወር = 0.1074። አንድ ብቻ 10 × 0.2 × 0.8 በ9 ፓወር = 0.2684። ሁለት 45 × 0.04 × 0.8 በ8 ፓወር = 0.3020። አሁን «ቢያንስ 2» ማለት 1 − 0.1074 − 0.2684 = 0.6242 ነው፤ «ቢበዛ 2» ማለት የሦስቱ ድምር 0.6778፤ «ከ2 በላይ» ማለት 0.3222። ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ከማስላታችሁ በፊት የሚገቡትን ቁጥሮች ዘርዝሩ፦ 0፣ 1፣ 2 ወይስ 3፣ 4፣ … 10? ዝርዝሩ ከግማሽ በላይ ከረዘመ ከ1 ቀንሱ።

ፖይሰን ላይ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚረሳው ላምዳን (የሚጠበቀውን አማካይ ብዛት) ከጊዜው ጋር ማስተካከል ነው። ወደ ዘጌ በሰዓት በአማካይ 6 ጀልባ ይነሳል ተብሎ ስለ 20 ደቂቃ ከተጠየቀ ላምዳ 2 ነው እንጂ 6 አይደለም። በ20 ደቂቃ አንድም ያለመነሳት ዕድል ኢ በ−2 ፓወር = 0.1353፤ ቢያንስ አንድ 0.8647።

ባይኖሚያሉ ትልቅ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከ100 ውስጥ 25 ወይም ከዚያ በላይ ሲባል፣ ወደ ኖርማል ትወስዱታላችሁ። አማካዩ 100 × 0.2 = 20፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ √(100 × 0.2 × 0.8) = 4። የሚቆጠረውን ወደሚለካ ስለቀየርን 25 የሚጀምረው ከ24.5 ነው፦ ዜድ = 4.5 ÷ 4 = 1.125፣ ወደ 1.13፤ ዕድሉ 0.1292። ግማሿን ካልቀነሳችሁ ዜዱ 1.25 ሆኖ 0.1056 ይወጣል።

ቤይስን (ውጤቱ ታይቶ ከየት እንደመጣ የሚጠየቅበትን) በቀመር አትጀምሩ፤ 1000 ዓሣ አስቡ። 60 በመቶው ከአንደኛው ማውረጃ መጥቶ 5 በመቶው ተበላሽቷል፣ 40 በመቶው ከሁለተኛው መጥቶ 10 በመቶው ተበላሽቷል። 600 እና 400፤ የተበላሹት 30 እና 40። የተበላሸ ዓሣ ከተገኘ ከሁለተኛው የመምጣቱ ዕድል 40 ÷ 70 = 0.571 ነው። ቀመሩን ከዚህ በኋላ ብትጽፉት ከየት እንደመጣ ታውቁታላችሁ።

ዜድና ቲን በተመለከተ፦ የፖፑሌሽኑ ሲግማ (ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ) ከተሰጠ ዜድ። ሲግማ ካልታወቀና ከናሙናው የወጣ ኤስ ከሆነ በትክክሉ ቲ ነው። ይህን ያወጣው ጎሴት ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር በጥቂት ናሙና ነበር መወሰን ያለበት፤ ጽሑፉን በ1908 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው። ለዚህ ነው «ስቱደንትስ ቲ» የሚባለው እንጂ ለተማሪ የታሰበ ሆኖ አይደለም።

ባጃጅ ተራ

እዚህ ላይ ከዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ጋር ትንሽ ልለያይ። «በትክክሉ ቲ ነው» ማለት ልክ ነው፣ ግን ብዙ ሃንድአውት ኤን 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኤስን ይዞ ዜድ እንድትጠቀሙ ያዛል፤ ፈተናው የሚታረመውም በዚያው ነው። ልዩነቱን በቆሮሶ ዳታ እዩት፦ አማካይ 204.3፣ ኤስ 31፣ ስታንዳርድ ኤረር (የአማካዩ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) 31 ÷ √50 = 4.384። በዜድ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (አማካዩ የሚገመትበት ክልል) 204.3 ± 1.96 × 4.384፣ ከ195.7 እስከ 212.9። በቲ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 49 ላይ 2.010 ስለሆነ ከ195.5 እስከ 213.1። ለ0.2 ግራም አትጣሉ። የመምህራችሁን ደንብ ተከተሉና ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ፦ «ኤን = 50 ስለሆነ ዜድ ተጠቅሜያለሁ»። ኤን 12 ሆኖ ዜድ የተጠቀመ ሰው ግን ምንም ቢጽፍ አያድነውም።

ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም

እስማማለሁ፣ ለፈተናው ይሁን። ወደ ዋን ቴይልና ቱ ቴይል ልሂድ፤ ይህ የምርጫ ሳይሆን የጥያቄው ጉዳይ ነው። ዳታውን ከማየታችሁ በፊት ከጥያቄው ቃል ብቻ መወሰን አለበት። «ይለያል ወይ? ተለውጧል ወይ?» ካለ ሁለት ጫፍ። «ቀንሷል ወይ?» የግራ፣ «ጨምሯል ወይ?» የቀኝ። እኩል ምልክት ምንጊዜም የሚቀመጠው ኤች ኖት (የሚፈተነው መነሻ ግምት) ውስጥ ነው። ስለዚህ አቅራቢው «አማካይ ክብደቱ ቢያንስ 215 ግራም ነው» ካለና እናንተ ይህን የምትፈትኑ ከሆነ ኤች ኖት «215 ወይም ከዚያ በላይ»፣ ኤች ዋን «ከ215 በታች» ነው፤ ፈተናው የግራ ጫፍ ይሆናል። «ቢያንስ» የሚለውን አይቶ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ሰው ይሳሳታል።

ውሳኔው ምን ያህል እንደሚገለባበጥ ለማየት ያንኑ ዳታ እንውሰድ፦

ዜድ = (204.3 − 215) ÷ 4.384 = −2.44

በ5 በመቶ አልፋ (ልክ የሆነ ኤች ኖትን በስህተት የመጣል ዕድል) ሁለት ጫፍ መቁረጫው 1.96 ነው፤ 2.44 ይበልጣል፣ ኤች ኖት ይወድቃል። በ1 በመቶ ሁለት ጫፍ መቁረጫው 2.576 ነው፤ አይወድቅም። በ1 በመቶ የግራ ጫፍ ብቻ −2.33 ነው፤ −2.44 ከእሱ በታች ስለሆነ ይወድቃል። በፒ-ቫሊዩ (ኤች ኖት ልክ ቢሆን ይህን ያህል ወይም ከዚህ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድል) ካያችሁትም ያው ነው፦ የአንድ ጫፉ 0.0073፣ የሁለት ጫፉ 0.0146። ዳታው አንድ ነው፣ ስሌቱ አንድ ነው፣ መልሱ ግን በጥያቄው ቃልና በአልፋው ይለወጣል። ስለዚህ የሁለት ጫፍ ፒ-ቫሊዩ ስትጽፉ እጥፍ ማድረጉን፣ በመቁረጫ ስትወስኑ ደግሞ አልፋን ለሁለት መክፈሉን እንዳትረሱ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ማድረግ ግን ስህተት ነው።

አጻጻፉ በቅደም ተከተል ይሁን፦ ሁለቱ ሃይፖቴሲሶች፣ አልፋ፣ የትኛው ቴስትና ለምን፣ መቁረጫው፣ ስሌቱ፣ ውሳኔው፣ ከዚያ በተራ ቋንቋ መደምደሚያ። መጨረሻው ላይ «ኤች ኖት ተቀባይነት አገኘ» አትበሉ። «ውድቅ ለማድረግ በቂ ማስረጃ የለም» ነው። ከዚያም ወደ ዓሣው ተመለሱ፦ «በ5 በመቶ ደረጃ የዓሣው አማካይ ክብደት ከ215 ግራም ይለያል»። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ይህ መስመር የጎደለበት ወረቀት ነጥብ ያጣል።

ካይ-ስኩዌር (ሁለት ምድቦች መያያዛቸውን የሚፈትነው) ከገባ ደግሞ፣ የሚጠበቀው ቁጥር የረድፉ ድምር በዓምዱ ድምር ተባዝቶ በጠቅላላው ሲካፈል ነው፤ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (ረድፍ − 1) × (ዓምድ − 1)። ለ2 በ2 ሰንጠረዥ መቁረጫው በ5 በመቶ 3.841 ነው። በመቶኛ ሳይሆን በብዛት ሥሩ።

የዘንዘልማው

ስለ አጠናን፦ አራት መሆናችሁ ጥሩ ነው። የቆዩ ፈተናዎችን ኮፒ አድርጋችሁ ጥያቄዎቹን በመቀስ ቁረጡ፣ የምዕራፍ ቁጥር ካለባቸው አጥፉት፣ ቀላቅሉ። ከዚያ 20 ጥያቄ በ30 ደቂቃ፣ ምንም ሳታሰሉ፦ ለእያንዳንዱ የትኛው ዘዴ እንደሆነ፣ የተሰጠው ምን እንደሆነ፣ መለያ ቃሉ የትኛው እንደሆነ ብቻ ጻፉ። ለየብቻ ጽፋችሁ ስትጨርሱ አወዳድሩ። የተለያያችሁበትን ብቻ ነው እስከ መጨረሻው የምትሠሩት። የተስማማችሁበትን ደግሞ ደጋግሞ ማስላት ጊዜ ማባከን ነው፤ ደስ ይላል እንጂ አያስተምርም።

የመጀመሪያው ሳምንት በዚህ ይለቅ። ሁለተኛው ላይ ሙሉ ፈተና በሰዓት። 120 ደቂቃ ለ50 ነጥብ፣ 10 ደቂቃ ለማረጋገጫ ስታስቀሩ ለአንድ ነጥብ 2 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ነው። የ8 ነጥብ ጥያቄ ከ18 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ተዉትና እለፉ።

አጫጭሮቹን አትናቁ። የመለኪያ ዓይነት ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ይንሸራተታል፦ የባጃጅ ሰሌዳ ቁጥር ኖሚናል (መለያ ስም ብቻ) ነው፣ ቁጥር ቢሆንም አይደመርም። የግሬድ ፊደል ኦርዲናል (ደረጃ ያለው)። የዓሣ ክብደት ሬሾ (እውነተኛ ዜሮ ያለው)። ዓመተ ምሕረት ደግሞ ኢንተርቫል ነው፤ የእኛም የፈረንጆቹም አቆጣጠር መነሻው ይለያያል፣ የሁለት ዓመታት ልዩነት ግን በሁለቱም ያው ነው። አማካይ ፍጥነት ላይም እንዲሁ፦ ጢስ ዓባይ ድረስ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄዶ በ40 የተመለሰ መኪና አማካዩ 50 አይደለም። ሲሄድ ግማሽ ሰዓት፣ ሲመለስ 45 ደቂቃ ፈጅቷል፤ 60 ኪሎ ሜትር በ1.25 ሰዓት፣ 48 ነው። ሃርሞኒክ ሚን የሚጠየቀው በዚህ መልክ ነው።

የጣና ዳር ተማሪ

መቀሱን ነገ እንጀምራለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሪግሬሽን (ከአንዱ ቁጥር ሌላውን የሚገምት መስመር) ላይ ኤ እና ቢ እንዳይምታቱብን፣ ደግሞ «ፕሬዲክት» ሲል ሁሌ ዝም ብሎ ማስገባት ነው?

ቆሮሶ

በአምስት ነጥብ እንየው። ጀልባ የሄደው ርቀት በኪሎ ሜትር 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20፤ የፈጀው ነዳጅ በሊትር 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10 ይሁን። አምስት ድምር ብቻ ነው የምትፈልጉት፦ ኤክስ 60፣ ዋይ 33፣ የሁለቱ ብዜት 468፣ ኤክስ ካሬ 880፣ ዋይ ካሬ 251። ከዚያ፦

468 − 60 × 33 ÷ 5 = 72
880 − 60 × 60 ÷ 5 = 160
251 − 33 × 33 ÷ 5 = 33.2

ቢ (ስሎፑ) 72 ÷ 160 = 0.45። ኤ (ኢንተርሴፕቱ) 6.6 − 0.45 × 12 = 1.2። ኮሪሌሽኑ (የግንኙነቱ ጥንካሬ) 72 ÷ √(160 × 33.2) = 0.988፤ ካሬው 0.976፣ ማለትም ከነዳጁ ልዩነት 97.6 በመቶው በርቀቱ ይገለጻል። ካልኩሌተሩ ላይ ኤ ኢንተርሴፕት፣ ቢ ስሎፕ ነው። አንዳንድ ሃንድአውት ግን ገልብጦ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ ፊደሉን ሳይሆን ከኤክስ ጋር የሚባዛው የትኛው እንደሆነ እዩ። የኮሪሌሽኑ ምልክትና የስሎፑ ምልክት ምንጊዜም አንድ ነው፤ ከተለያየ ስሌቱ ውስጥ ስህተት አለ። ቢን ቀድማችሁ አጠጋግታችሁ ኤን አታውጡ፤ እስከ መጨረሻው አራት ዲሲማል ያዙ።

ለ10 ኪሎ ሜትር 1.2 + 0.45 × 10 = 5.7 ሊትር። ይህ ይቻላል፣ 10 በ4 እና በ20 መካከል ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እስከሚርቀው ጎርጎራ ስንት ሊትር ይፈጃል ቢባል ግን ቁጥር ማስገባቱ አያቅትም፣ መልሱ ግን አይታመንም፤ ዳታው 20 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሟል። ፈተናው ላይ ይህን ከጠየቁ ቁጥሩን አስልታችሁ አጠገቡ «ከዳታው ክልል ውጭ ስለሆነ አስተማማኝ አይደለም» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። 1.2ውም ዜሮ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ነዳጅ ነው፤ ሞተር ማስነሻ ነው ብላችሁ ትርጉም ለመስጠት አትቸኩሉ፣ ዜሮም ከ4 በታች ነው።